የባቡሩ ዋስ

ሰው ለብዙ ነገር ዋስ ይሆናል። ለወንድሙ ይሆናል፤ ለጎረቤቱ ይሆናል፤ ሆደ ቡቡ ከሆነ ደግሞ ለአማቹም ይሆናል። አንድ የማውቀው የኡካ መንደር ሰው ለተዋጊ በሬ ዋስ ሆኖ፣ በሬው በማግሥቱ ገበያ መሀል ገብቶ ጉድ አፍልቶበታል። ለባቡር ዋስ የሆነ ሰው ግን ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም አልሰማሁም። ያውም አንድ ክንድ ሐዲድ በሌለበት አገር! ያውም ባቡሩ ራሱ ዋስ ሁነኝ ሳይለኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ መቱ ከተማ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሐጂ ጨው፣ ስኳር፣ አቡጀዲ፣ ምስማርና ላምባ ይሸጣሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ራዲዮ ነበራቸው። ራዲዮውን ከስኳሩ አጠገብ አስቀምጠውታል፤ ስኳር የሚገዛ ሁሉ ዜና ይሰማል ብለው ነው። ዜና የሚሰማው ሁሉ ግን ስኳር አይገዛም፤ ሐጂን ሲያንገበግባቸው የኖረው ይኸ ነበር።

ከራዲዮው ቀጥሎ የበረንዳው ሁለተኛ ወሬ እኔ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን ልገዛ ድሬዳዋ ድረስ ወርጄ ስለነበር፣ በመቱ ከተማ ባቡር የተሳፈርኩ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ ቢኖርም እኔ ሳወራ ዝም ብሏል። የተሳፈርኩት አንዴ ነው፤ በሦስተኛ ማዕረግ፣ ከአንዲት ፍየል ጋር ተፋፍጌ። ወሬው እየቆየ ሲሄድ ፍየሏን ቀስ ብዬ አወረድኳትና እኔም ቀስ ብዬ ወደ አንደኛ ማዕረግ ተዛወርኩ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው አዋሽን ሳላሻግር አልለቅም ነበር። ሚስቴማ፣ «እኔን ያገባኸኝ ባቡሩ እምቢ ብሎህ ነው» ትለኛለች።

አንድ የገበያ ቀን ራዲዮው ሌላ ወሬ አመጣ። የባቡር ሐዲድ ወደ ምዕራቡ አገራችን ይዘርጋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ አዲስ አበባ ምክር ቤት ውስጥ እንደራሴዎቹ በገንዘቡ እየተከራከሩ ነው። ለጭነቱ ባቡር ብዙም ጠብ የለም፤ ቡናው የራሱን ዋጋ ይከፍላል። ጠቡ ያለው በመንገደኛው ላይ ነው። አንደኛው ወገን፣ «መንገደኛ ማጓጓዝ ኪሳራ ነው፤ መንግሥት ለምን ከካዝናው እየጨመረ ሰው ያንሸራሽራል?» ይላል። ሌላው ወገን፣ «ሕዝቡን ካላንቀሳቀሰ መንግሥት ምን ይሠራል?» ይላል። ይኸን ብሎ ራዲዮው ወደ ሙዚቃ ሄደ፤ በረንዳው ግን ቀለጠ።

ሐጂ ወዲያው ከኪሳራው ወገን ቆሙ። «ሰው ማለት የሚናገር ጭነት ነው» አሉ። «ጆንያ ከጫንከው ዝም ይላል። ሰው ግን ውሃ ጠማኝ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እግሬን ረገጥከኝ ይላል። ወላሂ ኪሳራ ነው!» ከኖፓ የመጡት ገበያተኞች፣ ጣቢያው ኖፓ ካልሆነ ባቡሩ ባይመጣ ይሻላል አሉ። የኡካዎቹ ደግሞ ጣቢያው ኡካ እንዲሆን፣ ፉጨቱ ግን ከብት ስለሚያስደነብር ኖፓ እንዲሆን ጠየቁ። እኔ መቀሴን እንደ በትረ መንግሥት ይዤ፣ መንግሥት ለመንገደኛው መክፈል እንዳለበት፣ ባቡሩም ለመምጣት ጥቂት እንደቀረው አስረዳ ጀመር። ከየት አመጣኸው የሚለኝ አልነበረም፤ እትዬ ጫልቱ እስኪመጡ ድረስ።

እትዬ ጫልቱ በአንዲት በቅሎ የሚተዳደሩ ባልቴት ናቸው። በቅሎዋ ዳማ ትባላለች። ጨውና ቡና ትጭናለች፤ ሕመምተኛም ጎሬ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ዳማ ካለች ቤቱ አለ፣ ከሌለች የለም። ሴትዮዋ በሙግት ያላቸው ዝና ግን ከበቅሎዋ ይርቃል። ባላቸው ሲሞት መሬቱን ሊወስድባቸው የመጣውን አማታቸውን ጎሬ ድረስ ከሰው፣ ያለ ነገረ ፈጅ በገዛ አፋቸው ረትተውታል። ወረቀትና ማኅተም ፍርድ ቤቱን ከሞላው ወዲህ የጥንቱን የቃል ሙግት የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል፤ በእሳቸው አንደበት ግን ገና ትናንት የተጀመረ ይመስል ነበር። ይኸን የምለው በፍርሃት አይደለም፤ እርግጥ ፈርቻቸዋለሁም።

ነጠላቸውን አደግድገው በበትራቸው መሬቱን መቱና፣ «በላ ልበልሃ!» አሉኝ። ገበያው ጥራጥሬውን ጥሎ መጣ።

«ባቡር የሚሉት ብረት፣ ሣር የማይበላ፣
የሚበላው ሲያጣ ሊበላን ነው ኋላ!

ቡናውንስ ይጫን። መንገደኛውን መንግሥት ከኪሱ እየከፈለ የሚጭነው ለምንድነው? እግር የለንም? በቅሎ የለንም? ለዳማ የትኛው መንግሥት ገብስ ሰፈረላት? መልስ!»

ሕዝቡ «ዱጋ! ዱጋ!» አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። እኔም በግጥም መመለስ ነበረብኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «በሐዲድ ላይ ሆኖ ሲገሰግስ ባቡር…» ብዬ ጀመርኩ። ቤት መምቻው አልመጣ አለ። ሰማዩን አየሁ፤ መቀሴን አየሁ፤ ሐጂን አየሁ። ሐጂ ጨው መመዘን ጀመሩ። በመጨረሻ፣ «…ደግሞም ፉጨት አለው» ብዬ ዘጋሁት። በኢሉባቦር ምድር እንዲህ ያለ ግጥም ከዚያ በፊት የተሰማ አይመስለኝም።

«በፉጨት አይጋለብም» አሉ እትዬ ጫልቱ። «ይመጣል ካልክ የባቡሩን ዋስ ጥራ!»

በጥንቱ ሙግት ዋስ የሌለው ነገር ነገር አይደለም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይኼኔ ስፌቴን ብቀጥል ኖሮ ዛሬ ይኸን ባልጻፍኩ። «ዋሱ እኔ ነኝ!» አልኩ። «በምን?» አሉ። ሙግት ካለ ውርርድ አለ፤ ድሮ በማር ነው፣ በፈረስ ነው። እኔ ማርም ፈረስም የለኝም። አፌ ግን አለ፤ «በስፌት መኪናዬ!» አልኩ።

መኪናዬ እንጀራዬ ናት፤ ሚስቴንና ልጆቼን የምታበላ እሷ ናት። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ይሉልኝ ይሆናል ብዬ ዓይን ዓይናቸውን ባይ፣ እጃቸውን የዳማ አንገት ላይ ጣል አድርገው፣ «በዳማ» አሉ። ውርርዱ ታሰረ፤ እንደራሴዎቹ ለመንገደኛ ባቡር ገንዘብ ይሰጥ ካሉ ዳማ የእኔ፣ አይሰጥ ካሉ መኪናዬ የእሳቸው።

ሐጂ በበረንዳ ዳኝነታቸው እንዲህ ፈረዱ፦ «የምክር ቤቱን ነገር ራዲዮው አልጨረሰው፤ እኛ አንጨርሰውም። የወረዳችን የሕዝብ እንደራሴ ለዘመድ ልቅሶ ጎሬ መጥተዋል። ሂዱና ከአፋቸው ስሙ፤ እሳቸው ይፍረዱ።» እትዬ ጫልቱ ግን አልጠገቡም። እኔ መኪናዬን ተሸክሜ ብጠፋስ? ለእኔ ለራሴም ዋስ ይጠራ አሉ። ደንበኞቼን ተራ በተራ አየኋቸው። እነሱም በፋሲካ ተቀጥረው ለመስቀል የደረሱላቸውን ሱሪዎች እያሰቡ ተራ በተራ ጣራውን አዩ።

ዋስ የሌለው ሰው ቁራኛ ነው። የድሮው ሥርዓት የከሳሽና የተከሳሽን ልብስ ቋጥሮ አንድ ላይ ወደ ዳኛ ይሰዳል። እኔን ከአንዲት ባልቴት ጋር መቋጠር ነውር ስለሆነ እትዬ ጫልቱ ጥቂት አሰቡና፣ «ዳማ ወኪሌ ናት» ብለው የጋቢዬን ጫፍ ከኮርቻው ጋር ቋጠሩት። ይኼኔ ሚስቴ ወሬ ሰምታ ከቤት እየሮጠች ደረሰች። አሁን ትጮህልኛለች ብዬ ስጠብቅ ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተሸችና፣ «ጠበቅ ይበል እትዬ» አለች። «በቅሎዋ ቢያንስ መንገድ ታውቃለች።»

እንግዲህ ከመቱ ጎሬ ያለውን መንገድ በክረምት የሄደበት ያውቀዋል። ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና ከከተማ ወጣ እንዳልን ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገብቶ፣ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ይገፉታል። «አዩ እትዬ፣ ባቡር ቢሆን ጭቃ አይዘውም» አልኩ። ይኸን እያልኩ ዳማ ለምለም ሣር አይታ ዘወር አለችና እኔን ቦይ ውስጥ ጨመረችኝ። «አንተንም ያዘህ» አሉ እትዬ ጫልቱ። የመኪናው ተሳፋሪዎች ጭንቀታቸውን ረስተው ሳቁ፤ ቢያንስ ለእነሱ ጠቅሜያለሁ።

ትንሽ እንደሄድን ዶሮ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ አገኘን። የተቋጠረውን ጋቢዬን አይተው ቆሙ።

«ምን ሰርቆ ነው?»

«አልሰረቀም። ለባቡር ዋስ ሆኖ ነው» አሉ እትዬ ጫልቱ።

«ባቡሩ ጠፋ?»

«ገና አልመጣም።»

ሽማግሌው በሐዘን ተመለከቱኝ። «ማሎ! ሳይመጣ የጠፋ! ለእንዲህ ያለው ዋስ አይኮንም ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። ከሰማኋቸው ፍርዶች ሁሉ ፍትሐዊው የእሳቸው ነበር።

በኋላ ግን አንድ ነገር ያስገርመኝ ጀመር። ዳማ ያለ ምክንያት በየደጁ ትቆማለች። አንድ ጎጆ ፊት ትቆማለች፤ ሴት ሕፃን ታቅፋ ትወጣለች፤ የዳማን ግንባር ትስማለች፤ እኔ ተቋጥሬያለሁና እኔንም ትስመኛለች። ትንሽ እንሄዳለን፤ ሌላ ደጅ ትቆማለች፤ ሌላ ሴት ትወጣለች፤ ይኸኛዋ የተቀቀለ በቆሎ ትሰጠናለች። ለካ እነዚህ ሁሉ ምጥ ጠንቶባቸው በዳማ ጀርባ ጎሬ የደረሱ እናቶች ናቸው። በቅሎዋ ሰው የጫነችበትን ደጅ አትረሳም።

«እነዚህን ሁሉ ስንት እያስከፈሉ ነው የጫኑት?» አልኳቸው።

«ምጥ የያዛትን ሴት ማን ያስከፍላል? አብደሃል?»

«ታዲያ ኪሳራውን ማን ይችለዋል?»

«ጨውና ቡናው ይችለዋላ!»

ልብስ ሰፊ ብሆንም ነገር አይጠፋኝም። «እትዬ» አልኩ፣ «ታዲያ ይኸ እኮ እኔ ለመንግሥት ያልኩት ነው። ጭነቱ ያተርፋል፤ መንገደኛው…»

«ዝም ብለህ ተራመድ» አሉኝ። «ቁራኛ በመንገድ አይከራከርም።» ይኸን ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያቺን ጭቃ የለወሳት፣ እልኸኛ፣ ቀጭን ሴትዮ ሳያት ልቤ በአክብሮት ይሞላ ነበር። መኪናዬን ሊወስዱብኝ መሆኑን እያወቅሁ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት ለሆድ አይመችም።

ጎሬ ስንደርስ እንደራሴው ከልቅሶው ቤት ደጅ ወንበር ወጥቶላቸው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰው ከቧቸዋል። አዲስ አበባ መክረማቸው በጫማቸው ያስታውቃል፤ ያን ሁሉ ጭቃ አልፎ እንዴት እንዳበራ እንጃ። እትዬ ጫልቱ እጅ ነሡና ነገሩን ከሥሩ ተናገሩ። እንደራሴው እኔንና ዳማን እያፈራረቁ አዩ፤ ላለመሳቅ ባርኔጣቸውን ነከሱ ማለት ይቻላል።

«ክርክሩ ገና አላለቀም» አሉ በመጨረሻ። «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል። ግን እኔን ፍረድ ካላችሁኝ እፈርዳለሁ። እኔ ገንዘቡ ለጭነት ብቻ ይሰጥ ከሚሉት ነኝ፤ እዚያም የምናገረው ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ረትተዋል።»

ለመቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ ቋጠሮው ይዞኝ ከዳማ ጎን ተንጠልጥዬ ቀረሁ። መኪናዬ ሄደች። ለሚስቴ የምነግራትን ቃል እፈልግ ጀመር፤ እሱም እንደዚያ ግጥም እምቢ አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ይኸን ለመናገር አላፍርም።

እትዬ ጫልቱ ምስጋና ሊያቀርቡ ጎንበስ ሲሉ እንደራሴው ጨዋታ ለማሳመር አንዲት ቃል ጨመሩ። «ለመሆኑ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «የመቱ ሰው በባቡር ተሳፍሮ ወዴት ሊሄድ ነው? ቡናው ይምጣልን እንጂ!»

ከበው የቆሙት ሳቁ። እትዬ ጫልቱ ግን ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ነጠላቸውን እንደገና አደገደጉ። እኔ ተንጠልጥዬም ቢሆን ይኸን ማደግደግ አውቀዋለሁና ለእንደራሴው አዘንኩላቸው።

«ጌታዬ፣ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። በላ ልበልዎ!

ቡናው ይሳፈራል ባቡር ተደላድሎ፣
ለቃሚው ይሄዳል ጭቃውን ተከትሎ!
ጆንያው ጌታ ሆኖ፣ ሰው ከሆነ አሽከር፣
እኔም ቡና ልሁን፣ ከጆንያ ልቆጠር!

ወዴት ትሄዳላችሁ አሉ? የታመመው ሐኪም ቤት ይሄዳል። የተበደለው ይግባኝ ይሄዳል። የናፈቀው ልጁን ሊያይ ይሄዳል። ምንም የሌለውም ዝም ብሎ አገሩን ሊያይ ይሄዳል! እርስዎን የመረጥን ጊዜ ከኖፓም ከኡካም በእግራችን ሄደን ነው የመረጥንዎ። ያን ጊዜ ወዴት ትሄዳላችሁ አላሉንም። ቡናው አልመረጠዎትም ጌታዬ! መንገደኛ ኪሳራ ከሆነ ቡናው ይክሰርለት፤ ቡናውን ማን ተከለው? ማን ለቀመው? እኔ በአንዲት በቅሎ የቻልኩትን መንግሥት በባቡር ያቅተዋል? መልስ ይስጡ!»

ከልቅሶው ቤት ሴቶቹ ሳይቀሩ ብቅ ብቅ አሉ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ተናጋሪ ሰምቻለሁ፤ ራዲዮም ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም፤ ከዚያ ወዲህም አልሰማሁ። እንደራሴው፣ ለክብራቸው ይነገርላቸው፣ አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ሲያዞሩ ቆዩና ከወንበራቸው ተነሡ።

«ረትተውኛል እናቴ» አሉ። «የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት ይኸንኑ፣ ቃል ሳልለውጥ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እልልታ ነበር። እትዬ ጫልቱ ግን የሙግት ሰው ናቸው። ወደ እኔ መጡና ቋጠሮውን ፈቱ። ከዚያ ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ምንድነው?» አልኩ።

«ዳኛው ፍርዱን ገለበጠ። ለመንገደኛው ይከፈል ተባለ። ዳማ ያንተ ናት።»

«እርስዎ ነዎት እኮ የረቱት!»

«የረታሁት ያንተን ነገር ይዤ ነው። በራሱ ላይ የተከራከረ ተረቺ ነው። ሕግ ነው።»

ለመንኳቸው። በመኪናዬ ማልኩ፤ በሚስቴ ማልኩ። ምጽዋት አልወስድም አሉ። ከዳማ ግንባር ላይ ጭቃ ጠረጉላትና ወደ መቱ መንገድ በእግራቸው ጀመሩ። ያን ሁሉ ንግግር የተናገረች ሴት ወገብዋ ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ ያለ በቅሎዋ፣ በዚያ ጭቃ ስትሄድ ማየት አልቻልኩም። ዳማን እየጎተትኩ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ይውጡ እትዬ፤ እስከ መቱ ላድርስዎ።»

«ኪራይ አልያዝኩም። በሰው በቅሎ በነፃ አልወጣም።»

«በነፃ አይደለም። ኪራዩ ተከፍሏል።»

«ማን ከፈለው?»

«መንግሥት።»

ቆሙ። «የቱ መንግሥት?»

«እዚህ ዳማ ላይ መንግሥቷ እኔ ነኝ። መንገደኛዬ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ለመንገደኛ መንግሥት ይክፈል ብለው አሁን በአደባባይ ረትተዋል፤ ይኸው መንግሥት ከፈለ። የዛሬውን ብቻ አይደለም። ዳማ እስካለች ድረስ፣ እርስዎ እስካሉ ድረስ፣ የፈለጉት ዘንድ ይሂዱባት፤ የፈለጉትን ይጫኑባት። ግርግሟም እርስዎ ቤት ነው፤ መንግሥት ገብስ የለውም።»

እትዬ ጫልቱ መልስ ፈለጉ። ግራ ፈለጉ፣ ቀኝ ፈለጉ። በትራቸውን አንዴ አነሡና መልሰው አወረዱት። ከጎሬ እስከ መቱ ማንም ያልዘጋው አፍ በገዛ ቃሉ ተዘግቶ ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አለኝም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይኼስ በጀት ጸድቋል?» አሉ።

«ጸድቋል።»

ትከሻዬን ይዘው ወጡ። ልጓሙን ይዤ ከፊት ቀደምኩና፣ በዋስነት ያጣሁትን ክብር ለመመለስ ያህል፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ወዲያው በትራቸው ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ቀስ በል አንተ መንግሥት» አሉኝ። «የጫንከው ሰው ነው።»